ቅጠሉ ጠወለገ ማለት ተጠማ ማለት ነው? ተክል የሥሩን ችግር ለቅጠሉ እንዴት እንደሚያሳውቅ

የከዚራዋ አትክልተኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ላይ ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ቀን 8 ሰዓት ላይ የቲማቲም ቅጠል ዘንበል ካለ ቱቦ ይከፈታል። በማግስቱም ዘንበል ይላል፣ እንደገና ይጠጣል። ሰንበትበት ሲል የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉ ይሞታል፣ «ውሃ አንሶት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሲቆፈር ግን ሥሩ ጭቃ ውስጥ ነው።

ሁለት ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስረዳን። ሥሩ መሬት ውስጥ የደረሰበትን ነገር ቅጠሉ የሚያውቀው በምን በኩል ነው? ጥማትን ከመታፈን፣ መታፈንን ከበሽታ በዓይንና በእጅ የምንለየውስ እንዴት ነው? ላቦራቶሪ የሚጠይቅ መልስ ለጓሮ አይሆንም።

ሥሩን እይ፦

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ቱቦው ከመከፈቱ በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ቀን 8 ሰዓት ላይ በታየ ቅጠል አትፍረጂ። በድሬ ሙቀት በቀትር ከቅጠል የሚተነው ውሃ ሥር ከሚስበው ይበልጣል። አፈሩ እርጥብ ቢሆንም እንኳ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ይለሰልሳል፣ ማምሻውን ይቃናል። ፍርዱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያደረ ተክል ንጋት ላይም ካልተቃና ወይ አፈሩ ደርቋል ወይ ውሃው የሚያልፍበት መንገድ ተበላሽቷል።

ያኔ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብለሽ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሪና አፈሩን ጨብጪ። ከእጅሽ ላይ ከተበተነ ጥማት ነው፤ አጠጪ። ተድቦልቡሎ ከቀረና መዳፍሽን ካራሰ ግን አንዲት ጣሳ አትጨምሪ። አሁን ቅጠሉን ንኪው። በጥማት የጠወለገ ቅጠል ገላው ራሱ ይለሰልሳል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ሥሩ የታፈነ ቲማቲም ግን በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ቅጠሉ ሲነካ ጠንከር ያለ ነው፤ ቁልቁል የታጠፈው ቅጠሉን ከግንዱ የሚያያይዘው ዘንግ ነው። በጣት የሚለይ ልዩነት ነው፣ አንዴ ካወቅሽው አይጠፋሽም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሥር አየር ሲያጣ ኤሲሲ የሚባል ንጥረ ነገር ያከማቻል። ኤሲሲ ወደ ኢትሊን ጋዝ የሚለወጠው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፤ በጭቃ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የለም። ስለዚህ ሳይለወጥ በዛይለም (ውሃን ከሥር ወደ ቅጠል በሚያወጣው ቧንቧ)፣ ከውሃው ጋር፣ ሽቅብ ይወጣል። ቅጠሉ ጋ አየር ሞልቷል፤ እዚያ ኢትሊን ይሆናል። ኢትሊኑ የዘንጉን የላይ ወገን ከታችኛው አብልጦ ያስረዝመዋልና ዘንጉ ይታጠፋል። መጠውለግ የመሰለን ነገር በእውነቱ ያልተመጣጠነ እድገት ነው።

ሲሆን የሚደረገው፦ ውሃ ይቁም፣ ቦዩ በታችኛው ጫፍ ይከፈት፣ ከላይ የተጋገረው የደለል ቅርፊት በመኮትኮቻ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሰበር። ጠልቆ የሚገባ ዶማ የተረፈውን ሥር ይቆርጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ተብሎ ዩሪያ አይበተን፤ አየር ያጣ ሥር ማዳበሪያ የሚስብበት አቅም የለውም። ለሚቀጥለው ዙር መደቡን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው።

በሽታውን ለመለየት ግንዱን ከአፈር በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጪ። የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለሽ ሳታንቀሳቅሺ ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቺ። እንደ ወተት የነጣ ክር ወደ ታች ከፈሰሰ ባክቴሪያ የዛይለሙን ቧንቧ ሞልቶታል። ያ ተክል ከነሥሩ ይነቀል፣ በዚያ ቦይ ያለፈ ውሃ ወደ ጤነኛው መደብ አይሂድ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ደበርጃን እዚያ ቦታ ላይ ለዓመታት አይመለሱ።

የቅጠል አፍ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልያዘው።

ከሥር እስከ ቅጠል ያለው ውሃ አንድ የተያያዘ ዓምድ ነው። ቅጠሉ ከላይ ይስባል፣ አፈሩ ከታች ይይዛል። አፈሩ ሲደርቅ ዓምዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ይሆናል፤ ውጥረቱም ከሁሉም ቀድሞ ቅጠሉ ጋ ይደርሳል። ኬሚካሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ኬሚካል አብሲሲክ አሲድ ነው። ይህ ሆርሞን በቅጠሉ አፎች (በስቶማታ) ዙሪያ ያሉትን ሁለት ሴሎች ፖታሲየማቸውን እንዲለቁ ያደርጋል። ፖታሲየሙ ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል፣ ሴሎቹ ይሟሽሻሉ፣ አፉ ይዘጋል። ድሮ ሆርሞኑ በሥር ተሠርቶ ወደ ላይ ይላካል ይባል ነበር፤ አሁንም በብዙ የማሠልጠኛ ጽሑፍ እንዲሁ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን አብሲሲክ አሲድ መሥራት የማይችል የቲማቲም ሥር ላይ የጤነኛ ቲማቲም የላይኛው ክፍል ተቀጥሎ ተሞከረ። አፈሩ ሲደርቅ የላይኛው ክፍል አፎቹን እንደ ወትሮው ዘጋ። ስለዚህ ሆርሞኑ በአብዛኛው እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ ሥሩ የሚልከው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 የጃፓን ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በሚባል ትንሽ ተክል ላይ መልሱን አገኙ፦ ሲኤልኢ25 የተባለ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ። ሥሩ ሲደርቅ ይህ ቁራጭ ወደ ቅጠል ይወጣና «ሆርሞኑን ሥራ» ብሎ ያዛል።

ይህ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። አፉ ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም፣ ምግብ አይሠራም። በትነት ይቀዘቅዝ የነበረው ቅጠልም ይግላል። ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1900 ገደማ፤ ዝቅ ያለችው ድሬ ይበልጥ ትሞቃለች። በአንድ ዓይነት ጥማት የድሬው ቅጠል ቶሎ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። በድሬ ጉዝጓዝ ማልበስ የምርጫ ጉዳይ አይመስለኝም፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የማሽላ አገዳ ወይም ገለባ፣ ከግንዱ አራት ጣት ራቅ ተደርጎ።

ደቻቱ ዳር፦

ይህን እውቀት መስኖ ላይ የሚያውሉት አሉ፤ ዘዴው ተለዋጭ የቦይ መስኖ ነው። ከሁለት ቦይ አንዱን ብቻ ታጠጣለህ፣ በሚቀጥለው ዙር ሌላኛውን። ግማሹ ሥር ደረቅ አፈር ውስጥ ሆኖ መልእክት ይልካል፣ ቅጠሉ አፉን በከፊል ይዘጋል። ግማሹ ሥር ደግሞ እርጥብ ውስጥ ስለሆነ ተክሉ አይጠወልግም። ለአንድ ዙር የሚሄደው ውሃ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

የሚበላሽበት ቦታ ደግሞ ይታወቃል። አንድ ወገን ብቻ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ከቀረ ከዚያ ሥር የሚወጣው ፈሳሽ ይቆማል፤ ፈሳሹ ከቆመ መልእክቱም ይቆማል፣ አፎቹ መልሰው ይከፈታሉ፣ ትርፉ ይጠፋል። ስለዚህ ደረቁ ወገን እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ ማቀያየር ግድ ነው፤ በድሬ ቆላ ያ ከ4 እስከ 6 ቀን ነው። ችግኙ በተዛወረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አይሞከርም፤ ሥሩ ገና ሁለቱን ቦይ አልደረሰም።

ሥሩን እይ፦

ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው አሸዋማ አፈር ላይ ሲሆን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአሸዋ ውስጥ ውሃ ወደ ጎን ብዙም አይሄድም፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የቦይ ርቀቱ ከ75 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ተክሉ ከሁለቱም ወገን ይደርቃል። ደግሞ ፍሬ ከያዘ በኋላ ካልሲየም አስቡ። ካልሲየም ከውሃው ጋር በዛይለም ብቻ ስለሚጓዝ ብዙ ውሃ የሚያተነው ቅጠል ይወስደዋል፤ ፍሬ እምብዛም አያተንም። ውሃው ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚራበው የፍሬው ቂጥ ነው፤ ይጠቁራል። ሰዎች ትል ነው ብለው ይረጫሉ። አፈራችን በኖራ የበለጸገ ነው፣ ካልሲየም አልጎደለም፤ የጎደለው ማጓጓዣው ነው። ስለዚህ ፍሬው ድንብላል ካከለ ጀምሮ ሁለቱንም ቦይ አጠጡ።

የገንደቆሬ ልጅ፦

አቦ፣ ታዲያ ነርቭ አለው በሉና! ሥር ይልካል፣ ቅጠል ይሰማል። ባለፈው ደግሞ ተክል ሲጠማ ይጮኻል የሚል ቪዲዮ ሲዞር ነበር። እውነት ነው?

የቅጠል አፍ፦

ነርቭ የለውም፣ አንጎልም የለውም። ኤሌክትሪክ ግን አለው። እንግሊዛዊው በርደን ሳንደርሰን ነፍሳት በሚይዝ ተክል ቅጠል ላይ የኤሌክትሪክ ለውጥ የለካው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ አዲስ ወሬ አይደለም። አዲሱ ነገር መንገዱ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ካልሲየም ሲነካ የሚያበራ ተክል ሠርቶ ትል ቅጠል ሲበላ ቀረጸ። የተነከሱት ሴሎች ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበረ ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ይፈስሳል። ግሉታሜቱ በጎረቤት ሴሎች ላይ ያሉ በሮችን ይከፍታል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ከዚያ ማዕበሉ በቅጠሉ ሥር መሰል መስመሮች በኩል በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልተነካው ቅጠል ጋ ይደርሳል። የሰው ነርቭ መልእክት በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ይሄዳል፤ ፍጥነቱን ማወዳደር አይቻልም። ግሉታሜት በእኛም አንጎል መልእክተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ተክል ያስባል ማለት ግን መዝለል ነው።

ስለ ድምፁ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጠማ ቲማቲም በሰዓት ወደ 35 ጊዜ፣ የተጠማ ትምባሆ ደግሞ ወደ 11 ጊዜ ጠቅ የሚል ድምፅ እንደሚያወጡ ለኩ፤ ያልተጠማው በሰዓት አንድ እንኳ አይሞላም። ድምፁ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ኸርዝ ነው፣ የሰው ጆሮ ከ20 በላይ አይሰማም። ከየት ይመጣል ለሚለው የሚሻለው ማብራሪያ ያ የተወጠረው የውሃ ዓምድ ነው፤ ሲበጠስ በዛይለም ውስጥ የአየር አረፋ ይፈነዳል። ጩኸት ከማለት ገመድ ተበጠሰ ማለት ይቀርባል። እያንዳንዱ የተበጠሰ ቧንቧ ውሃ ማሳለፍ ስለሚያቆም ደጋግሞ የተጠማ ተክል ቢጠጣም የቀድሞውን ያህል አይነሳም።

የከዚራዋ አትክልተኛ፦

ግሉታሜቱ ሲፈስስ ማስጠንቀቂያ ከሆነ፣ የጎን ቡቃያ ስንቆርጥም ያው መልእክት ይሄዳል ማለት ነው? አስፕሪን በውሃ አሟሙቶ መርጨትስ?

የቅጠል አፍ፦

ይሄዳል። ማዕበሉ የደረሰበት ቅጠል ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይሠራል፣ በቲማቲም ላይ ደግሞ የትሉን ሆድ የሚያውኩ፣ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርጉ ነገሮችን ያከማቻል። ይህ ሲሆን እድገት ይቀንሳል፤ ተክሉ ከማደግ ወደ መከላከል ዞሯል። ስለዚህ ቡቃያው ከ5 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ፣ ጠዋት፣ በጣት ይሰበር። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ከቀትር በፊት ይደርቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን አታራግፊ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት። በተዛወረበት ሳምንትና በተጠማበት ቀን መቀስ አይቅረብ።

አስፕሪኑ በሳሊሲሊክ አሲድ መንገድ ይሠራል፤ ያ መንገድ ሕይወት ካለው ሴል ለሚመገቡ በሽታዎች ነው። ከጃስሞኒክ አሲድ ጋር ይጋፋል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይጫናል። ትል በበዛበት ወቅት አስፕሪን መርጨት በትሉ ላይ ያለውን መከላከያ ሊያዳክም ይችላል። ግሉታሜቱንም ገዝቶ የሚረጭ እንዳይኖር፤ በሙከራው የተቀባው በተቆረጠ ቦታ ላይ ነው። ጤነኛ ቅጠል በሰም የተሸፈነ ስለሆነ ላዩ ላይ ያለው ሻጋታና ባክቴሪያ ይመገበዋል እንጂ።

የሐረማያ ማሽላ፦

ስለ ቲማቲም ብዙ ተባለ፤ በሐረርጌ ግን ትልቁ የመልእክት ታሪክ ያለው ማሽላ ሥር ነው፣ ያውም መልእክቱ ለጠላት የደረሰበት።

ማሽላ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲያንሰው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ አፈር ይለቃል። የታሰበው ለወዳጅ ነው፦ ከሥር ጋር ተጣብቆ ፎስፈረስ ለሚያመጣ ፈንገስ። ፈንገሱ ሲሰማ ክሩን ወደ ሥሩ ያበዛል። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ግን ይህን ጥሪ መስማት ተምሯል። ዘሩ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት አፈር ውስጥ የሚቆይ ነው። ዝናብ ዘንቦ እርጥበትና ሙቀት ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ሲያገኝ ይዘጋጃል፣ ጥሪው ሲደርሰው ይበቅላል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ለዚህ ነው አቀንጭራ መሬቱ በደከመበት ማሳ የሚብሰው። የተራበ ማሽላ አብዝቶ ይጣራል።

ሥሩ ላይ ከተጣበቀ በኋላ የሚያደርገውም ከላይ ከተወራው ጋር ይገናኛል። አቀንጭራ አብሲሲክ አሲድን ብዙም አይሰማም፤ በድርቅ ቀን ማሽላው አፉን ሲዘጋ እሱ ከፍቶ ያተናል፣ ውሃውን ከማሽላው ይስባል። ማሽላው በእርጥብ አፈር ላይ የተጠማ መስሎ ይጠወልጋል። ሐምራዊ አበባው ከአፈር በላይ ሲታይ ዋናው ጉዳት ደርሷል።

የዚህን እንቆቅልሽ ትልቅ ክፍል የፈታው እዚሁ በቀድሞው ዓለማያ ኮሌጅ የተማረው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጠውም በማሽላ ሥራው ነው። ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ጥሪያቸው ለአቀንጭራ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ምክንያቱ በዘረ መል ደረጃ ታወቀ፦ ተቋቋሚው ማሽላ ዝም አላለም፣ የሚለቀውን የስትሪጎላክቶን ዓይነት ለወጠ። አዲሱን ዓይነት የአቀንጭራ ዘር በደንብ አይሰማውም፣ ፈንገሱ ግን ይሰማዋል። ይህን ባነበብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

በማሳ ላይ፦ ኤን ፒ ኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት) ማዳበሪያ አትበትኑ። በኖራማ አፈር ፎስፈረሱ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከዘሩ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች በመስመር ይግባ፤ ከዘሩ ጋር ከተነካካ ቡቃያውን ያቃጥላል። አቀንጭራውን አበባ እንደጀመረ ንቀሉ፣ ዘር ሳይቋጥር። ዘር ከቋጠረ ከማሳ ውጭ ይቃጠል፤ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር አለው። ለከብት ከተሰጠ ዘሩ በእበት ተመልሶ ማሳ ይገባል።

የባቢሌ ለውዝ፦

የሰብል ፈረቃውን ረሳኸው። ለውዝና አተር መሰል ሰብሎች ከሥራቸው የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅስ ነገር ይለቃሉ፣ እሱ ግን ሊጣበቅባቸው አይችልም። በቅሎ ይሞታል። የባቢሌ ገበሬ ለውዝን ለገበያ ቢዘራውም ለማሽላው መሬት እያጸዳ ነው። ግን አንድ ዓመት ብቻ ዘርቶ ውጤት መጠበቅ አይቻልም፤ በአፈሩ ያለው የዘር ክምችት ብዙ ነውና ቢያንስ ከሦስት ወቅት ሁለቱን ለውዝ ወይም አደንጓሬ ማድረግ ይሻላል። ለውዙ ውስጥ በራሱ የበቀለ ማሽላ ካለ ይነቀል፤ አንድ አገዳ ለአቀንጭራው ቤት ይሆናል።

ጀጎል ቡና፦

ጫናን ሁልጊዜ በጠላትነት አትዩት። የሐረር ቡና ያለ ጥማት በአግባቡ አያብብም። የአበባው እምቡጥ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ደርሶ ይተኛል። በደረቁ ወራት ዛፉ ሲጠማ እንቅልፉ ይፈታል፣ የበልግ ዝናብ ሲመታው ከአንድ ሳምንት እስከ 12 ቀን ባለ ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ይፈካል።

መስኖ ያለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዝኖ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጠጣል። እምቡጡ በቂ ጥማት ስለማያገኝ ጥቂት ዛሬ፣ ጥቂት ከወር በኋላ ያብባል። በኋላ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይና የደረቀ ፍሬ ይገናኛሉ። ሐረር ቡናውን ከነገለፈቱ ስለሚያደርቅ ይህ መደባለቅ እስከ ሲኒው ይከተላል።

የከዚራዋ አትክልተኛ፦

ስንት ቀን ይጠማ? ሲጠጣስ ስንት ሊትር?

ጀጎል ቡና፦

በቀን አይቆጠርም፣ ቅጠሉን እይ። ቀን 8 ሰዓት ላይ ዘንበል ብሎ ማምሻውን የሚቃና ከሆነ ልክ ነው። ንጋት ላይ ሳይቃና ካደረ አልፏል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በተለይ ሙቀት ከተጨመረበት፣ እምቡጡ አረንጓዴ እንደሆነ ትንሽ ተከፍቶ ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል።

ሲጠጣ በአንድ ጊዜ ይጠጣ። መጋቢ ሥሩ የሚበዛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። በ2 በ2 ሜትር ለተተከለ ቡና 30 ሚሊ ሜትር ማለት ለአንድ ዛፍ 120 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ስድስት። ከግንዱ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ በጥላው ጠርዝ ዙሪያ ቀለበት ይቆፈር፣ ስድስቱም በዚያው ቀን፣ ማምሻውን፣ ቀስ እያለ ይፍሰስ። አበባው እስኪፈካ ድረስ ሌላ አይጨመር፤ ከፈካ በኋላ ግን በየ10 ቀኑ እንዳይቋረጥ፤ ገና የያዘው ፍሬ ጥማት አይችልም።